ስኳር እያለብዎ ወደ ቁልቢ በእግር ሲሄዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ ከአዳማ ተነስተው፣ በመተሐራና በአዋሽ አድርገው ቁልቢ ገብርኤል በእግር ለመድረስ የሚሳሉ አሉ። ዓይነት ሁለት ስኳር ያለበት ሰውም በደንብ ከተዘጋጀ መጓዝ ይችላል። ብዙው ሰው የሚሰጋው ስኳሩ እንዳይጨምር ነው። መንገድ ላይ በድንገት የሚጥለው ግን መውረዱ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ጾሙንና መድኃኒቱን ሳያስማሙ መነሳት ነው። የታኅሣሡ ገብርኤል በጾመ ነቢያት ውስጥ ይውላል። ጠዋት ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ክኒን ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ መሄድ በጣም አደገኛ ነው። መድኃኒቱ፣ ምግብ ኖረም አልኖረም፣ ቆሽት ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ያደርጋል። የሚሠራው ጡንቻ ደግሞ ስኳሩን ከደም ይስባል። ኢንሱሊን የሚወጋም ሰው ስጋቱ ያው ነው። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ግን ስጋቱ ያነሰ ነው። ስለዚህ ከሳምንታት በፊት ሐኪምዎ መጠኑን ያስተካክልልዎ። ስለ ጾሙም የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስገድድም። ስለት ነው ብሎ መድኃኒት ማቋረጥም አይገባም። ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው ይሄዳሉ።

ላብ ሲያጠምቅዎ፣ እጅዎ ሲንቀጠቀጥ «ድካም ነው» ብለው አይቀጥሉ። ቁጭ ብለው ይለኩ። ከ70 (mg/dL) በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ ከሌለ፣ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ። ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳም ይሆናል፤ ስኳር አልባው ግን አይጠቅምም። ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመው ይለኩ፤ ካልተስተካከለ ይድገሙት። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለዚህ ሰዓት አይሆኑም፤ ቀስ ብለው ስለሚፈጩ ከተሻለዎት በኋላ ይብሏቸው። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ይህን የመንገድ ጓደኛዎ አስቀድሞ ይወቅ። የቀኑ እርምጃ ሌሊትም ስኳር ሊያወርድ ስለሚችል ሳይለኩ አይተኙ።

በባዶ እግር መሄድ የብዙዎች ስለት ነው። ስኳር ካለብዎ ግን እባክዎ ይተዉት። ነርቩ የደነዘዘ እግር እሾህ ሲወጋው፣ የጋለ አስፋልት ሲያቃጥለው አይሰማውም። ቁስሉም ቶሎ አይድንም። አዲስ ጫማ ለጉዞው ቀን ማቆየትም ያው ጉዳት አለው፤ ቀደም ብለው ያለማምዱት። ማታ እግርን በሙቅ ውኃና ጨው መዘፍዘፍ ደስ ይላል፤ ሙቀቱን የማይለይ እግር ግን ይቃጠላል። ይልቅ በጣቶች መካከል ሳይቀር በየማታው ይመልከቱ። ውኃ የቋጠረውን አያፈንዱ።

ወደ መተሐራ ሲወርዱ ሙቀቱ ይበረታል። ኢንሱሊንና የመለኪያ ስትሪፕ ፀሐይ ላይ አይዋሉ። ኢንሱሊኑን በፕላስቲክ አሽገው በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅልሉት። በረዶ ላይ በቀጥታ አያስቀምጡት፤ በረዶ ከሠራ ይበላሻል።

ቁልቢ ሲደርሱ ሕዝቡ እጅግ ይበዛል፣ ጓደኛ ከጓደኛ ይጠፋፋል። መድኃኒትዎንና ስኳርዎን በሌላ ሰው ቦርሳ አያስይዙ። የመድኃኒትዎን ስምና መጠን በወረቀት ጽፈው ኪስዎ ይያዙ።