ለልጆች ገር፣ ለሌባ ኃይለኛ? የቤት ውሻ ስንመርጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

የቤት ውሻ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ነገር አንድ ዓይነት ነው፦ «ለልጆች ገር፣ ለሌባ ግን ኃይለኛ የሆነ ፈልግልኝ።» ቀን ልጆቹ ጆሮውን ቢጎትቱት ዝም የሚል፣ ማታ አጥር የነካውን የማይምር። እንዲህ ያለ ውሻ የለም አይባልም። ግን በገንዘብ ብቻ አይገኝም፤ ዝርያ፣ አስተዳደግና የባለቤቱ ጊዜ ሲገጥሙ ነው የሚገኘው። ጊዜ የሌለው ሰው ሁለቱንም ሲፈልግ ሁለቱንም ያጣል።

አዲስ አበባ ላይ በየሰፈሩ ከማያቸው ስህተቶች ዋና ዋናዎቹን ላንሳ።

ሥራውን ሳይወስኑ ዝርያ መምረጥ

መጀመሪያ ውሻው ለምን እንደሚፈለግ ይወሰን። ትንንሽ ልጆች ካሉ ከሁሉም በፊት የሚፈለገው ጠባይ ትዕግሥት ነው። ጥበቃውን ብዙ ሰው ያጋንነዋል። ሌባን በአብዛኛው የሚያባርረው ጩኸት ነው። ውሻ ሲጮህ ሰው ይነቃል፣ ጎረቤት መብራት ያበራል። ለዚህ መካከለኛ ውሻ ይበቃል። የሚናከስ ውሻ መጋዘን ይጠብቅ። ዘመድ ሳይደውል ከተፍ በሚልበት፣ የልጆች ጓደኞች ኳስ ሊያመጡ በሚገቡበት ጊቢ ግን ጣጣ ነው።

ጣጣው ደግሞ በይቅርታ ብቻ አያልቅም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፣ እንስሳው ድንገት ከእጁ ያመለጠ ቢሆን እንኳ። «በሩ ተከፍቶ አምልጦ ነው» ማለት አያድንም።

በመልኩ መውደድ

ዘር ከልጓም ይስባል። ውሻ ላይ ይሄ ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል። እያንዳንዱ ዝርያ ለሆነ ሥራ እየተመረጠ የተራባ ነው። ሥራው ቢቀርም ፍላጎቱ አብሮት ይኖራል።

ሀስኪን ውሰዱ። ሰማያዊ ዓይኑን ስልክ ላይ ያየ ሁሉ ይመኘዋል። ይህን ውሻ ያራቡት በሰሜን ምሥራቅ ሳይቤሪያ የሚኖሩት የቹክቺ ሕዝቦች ናቸው፣ በበረዶ ላይ ጭነት እየጎተተ ረጅም መንገድ እንዲሄድ። እ.ኤ.አ. በ1925 አላስካ ውስጥ ኖም በምትባል ከተማ ዲፍቴሪያ የሚባል ገዳይ የጉሮሮ በሽታ ሲገባ፣ መድኃኒቱን ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በቅብብል ያደረሱት እንዲህ ያሉ ጎታች ውሾች ነበሩ። እንግዲህ ይህን ሯጭ ሁለት መኪና በቆመበት ጊቢ ስትዘጉበት ምን ያድርግ? ይቆፍራል፣ አጥር ይዘላል፣ ሌሊት ያላዝናል። ለጥበቃ ደግሞ አይሆንም፤ እንግዳውንም ሌባውንም ጅራቱን እየቆላ ነው የሚቀበለው። አዲስ አበባ ደጋ ናትና አየሩን ይችለው ይሆናል። ድሬዳዋ ወይም አዳማ ወስዶ ማሳደግ ግን ለእኔ ጭካኔ ነው።

ጀርመን ሼፐርድ እዚህ አገር ሁሉም በስሙ የሚያውቀው ነው። ስሙ እንደሚለው የበግ ጠባቂ ነበር። ማክስ ፎን ስቴፋኒትዝ የተባለ የጀርመን ጦር መኮንን እ.ኤ.አ. በ1899 አንዱን ውሻ ገዝቶ የዝርያው የመጀመሪያ አድርጎ አስመዘገበው። ወንዱ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል፣ ቶሎ ይማራል፣ ከቤተሰቡ አይለይም። ልጆች ላሉት ቤትም መልካም ሊሆን ይችላል፣ በየቀኑ የሚያንሸራሽረውና የሚያስተምረው ሰው ካለ። ያ ሰው ከሌለ ግን ጭንቅላቱ ሥራ ፈትቶ ራሱ ሥራ ይፈጥራል፤ ብስክሌት ያሳድዳል፣ የራሱን ጥላ ይጮኽበታል። አንድ ሌላ ነገርም አለ። የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር በዚህ ዝርያ ላይ የተለመደ ሲሆን በዘር ይተላለፋል። ስለዚህ ቡችላውን ከማቀፋችሁ በፊት እናቱንና ከተቻለ አባቱን ሲራመዱ እዩ። የኋላ እግራቸውን የሚጎትቱ ከሆነ ሻጩ ምንም ቢላችሁ ተመለሱ።

ቦርደር ኮሊ በጣም ብልህ ነው። በግ ሲያጣ ግን ልጆቹን ይነዳል፣ ተረከዛቸውንም ነከስ ያደርጋል።

አፍንጫቸው የተደፈጠጠው ፓግና ፍሬንች ቡልዶግ ከሰው ጋር ይዋደዳሉ፣ ብዙ መሮጥም አይፈልጉም። ለኮንዶሚኒየም የተፈጠሩ ይመስላሉ። ሰው የሚስቅበት ማንኮራፋታቸው ግን የመተንፈሻ መንገዳቸው መጥበቡን የሚናገር ነው። ሙቀት ይጥላቸዋል፣ ዳገት ያደክማቸዋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ መሆኗን አትርሱ። ከውጭ አመጣለሁ የምትሉ ደግሞ አስቀድማችሁ አየር መንገዱን ጠይቁ፤ ብዙ አየር መንገዶች እነዚህን ዝርያዎች በጭነት ክፍል አይቀበሉም።

ትንንሽ ልጆች ላሉት ሰው እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከፈረንጅ ዝርያ የማስቀድመው ላብራዶር ነው። ታጋሽ ነው፣ ቂም የለውም። ለዘበኝነት አትቁጠሩት። ሆዱንም ተቆጣጠሩለት፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ጥናት ከአራት ላብራዶር በአንዱ ገደማ የጥጋብን ስሜት የሚያዛባ የዘረ መል ለውጥ እንዳለ አሳይቷል። በልቶም የሚለምናችሁ ለካስ ወዶ አይደለም።

«ትንሽ ውሻ አያስቸግርም» ማለት

ያስቸግራል። ጃክ ራስል ክንድ የማታህል ውሻ ናት፣ ግን ቀበሮ ከጉድጓድ እንድታስወጣ የተራባች ናት፤ ቀኑን ሙሉ አታርፍም። ቺዋዋ ደግሞ አጥንቷ ቀጭን ነው። የሦስት ዓመት ልጅ አቅፎ ቢጥላት እግሯ ይሰበራል፤ ስትፈራም ትናከሳለች። ፑድል ፀጉሩ ብዙ አይረግፍም፣ ግን ሳይቆረጥ ከቆየ ተቋጥሮ ቆዳውን ያቆስለዋል። እዚህ ላይ አስም ወይም አለርጂ ያለበት ልጅ ያላቸው ወላጆች ይሸወዳሉ። አለርጂውን የሚቀሰቅሰው ፀጉሩ ብቻ አይደለም፤ ምራቁና የቆዳው ቅርፊትም ነው። ሻጩን ከማመን፣ ልጁን ወስዶ ውሻው ካለበት ቤት ደጋግሞ ማስቀመጥ ይሻላል።

የሀበሻውን ውሻ መናቅ

ይሄ የሚያንገበግበኝ ነው። ለፈረንጅ ውሻ ብዙ ብር ከፍሎ፣ በየወሩ ሐኪም ቤት የሚመላለስ ሰው፣ በሩ ላይ የተወለደውን ቡችላ በእግሩ ይገፋል። የሀበሻ ውሻ መጠኑ መካከለኛ ነው፣ ፀጉሩ አጭር ነው፣ የሚበላው ትንሽ ነው። አየሩንና ከፍታውን ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ ያውቀዋል። እንግዳ ሲመጣ ከማንም በፊት ይጮኻል። ማን ቤተኛ ማን እንግዳ እንደሆነ ለመለየት አሰልጣኝ አይፈልግም። «ይናከሳል፣ ሌባ ነው» የሚባለው ተርቦና ተደብድቦ ያደገውን አይቶ ነው። በትንሽነቱ ገብቶ በሰው እጅ ያደገውን ያየ ሰው እንደዚያ አይልም። ጊቢ ላለውና በጀቱ ለጠበበ ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ ምርጫ አላውቅም።

ከመንገድ ዳር ቡችላ ማንሳት

መኪና መብራት ላይ ሲቆም አንድ ልጅ ሁለት ፀጉራም ቡችላ አቅፎ ወደ መስኮት ይጠጋል። ልጆች ከኋላ ይጮኻሉ። ዋጋ ይከራከራሉ፣ ይስማማሉ፣ አለቀ። ወይም ቴሌግራም ላይ «ንጹህ ጀርመን፣ ክትባት የጨረሰ» የሚል ፎቶ ይታያል። ፎቶው የሌላ ውሻ እንደሆነ የሚታወቀው ውሻው ሲያድግ ነው።

ድቅል መሆኑ ችግር የለውም፤ ብዙ ድቅሎች ጠንካራ ናቸው። ችግሩ ሌላ ነው። ቡችላ ቢያንስ እስከ ስምንት ሳምንቱ ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር መቆየት አለበት። ሲነክስ እንደሚያሳምም የሚማረው ከእነሱ ጋር ሲጫወት ነው። መንገድ ላይ የሚሸጡት ብዙዎቹ ከዚያ ያነሱ ይመስላሉ፤ ትንሽ ሲሆን ያምራላ። እንዲህ ያለውን ወስዳችሁ ልጆቻችሁን ሲናከስ «ክፉ ዝርያ ነው» ትላላችሁ። ክፉ አይደለም፣ ከእናቱ ሳይማር ነው የወሰዳችሁት።

ሁለተኛው ፓርቮ ነው። ቫይረሱ ቡችላን በትውከትና ደም በቀላቀለ ተቅማጥ በጥቂት ቀናት ይገድላል። መሬት ላይ ለወራት ይቆያል፤ የሞተው ቡችላ በነበረበት ጊቢ ወዲያው ሌላ ማምጣት አደጋ አለው። ክትባቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕድሜ ላይ ተጀምሮ፣ በየሦስት አራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት ይሄዳል። የስድስት ሳምንት ቡችላ ይዞ «ክትባት ጨርሷል» የሚል ሻጭ እንግዲህ ምን እያለ እንደሆነ ገብቷችኋል። የክትባት ካርዱን ጠይቁ፤ ቀን፣ የመድኃኒቱ ተለጣፊ ወረቀትና የሐኪም ፊርማ ይኑረው።

እናቲቱን ማየት ከካርዱም ይበልጣል። የምትደነብር ወይም ሰው የምታባርር እናት ቡችሎቿም እሷን ሊመስሉ ይችላሉ።

የእብድ ውሻ በሽታን እንደ ድሮ ወሬ መቁጠር

ኢትዮጵያ ውስጥ ዛሬም ሰው የሚገድል በሽታ ነው። ምልክቱ ከጀመረ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ይከተብ፤ ከዚያ በኋላ በየስንት ጊዜው እንደሚደገም ሐኪሙ ይነግራችኋል። ከጊቢ የማይወጣ ውሻም ይከተባል፤ በአጥር ሥር የሚገባውን ማን ያውቃል? ልጅ ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብና በቀጥታ ጤና ተቋም መውሰድ ነው። ባህል መድኃኒት ዘንድ የሚጠፋው ጊዜ ሕይወት ያስከፍላል።

የሚበላውን ሳያሰሉ ትልቅ ውሻ መውሰድ

ሮትዋይለር ወንዱ 50 ኪሎና ከዚያ በላይ ይደርሳል። በፍርፋሪ አይኖርም። ከሥጋ ቤት አጥንትና ልፋጭ እያመጡ የሚያሳድጉ አሉ። ዐቢይ ጾም ሲገባስ? ለ55 ቀን ብዙ ሥጋ ቤት ይዘጋል፤ ቤት ውስጥ ያለው ምግብ ሽሮና ምስር ነው። ከውጭ የሚገባው የታሸገ የውሻ ምግብ ደግሞ ውድ ነው። ይህን ወጪ አስቀድማችሁ ደምሩ፣ ከዚያ ስለ መጠኑ ወስኑ።

የተረፈ ወጥ ላይም ተጠንቀቁ። ሽንኩርት፣ ቀዩም ነጩም፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል። የእኛ ወጥ ያለ ሽንኩርት የለም። እንጀራውን ሳይጠቀስ፣ ከሩዝ ወይም ከተቀቀለ ሥጋና እንቁላል ጋር መስጠት ይቻላል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ስለሚወጋ አይሰጥ።

ከሁሉ የከፋው በበዓል የሚደረገው ነው። በግ ታርዶ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ሲታይ «ይሄ አይበላም» ተብሎ ለውሻው ይወረወራል። በዚያ ከረጢት ውስጥ የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ጥገኛ ትል አለ። ትሉ ውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ፀጉሩ ላይ ይቀራል። ውሻውን የዳበሰ ልጅ እጁን ሳይታጠብ ከበላ፣ ያው ከረጢት ከዓመታት በኋላ በእሱ ጉበት ላይ ሊገኝ ይችላል። ቅበሩት ወይም አቃጥሉት፤ የውሻውንም የትል መድኃኒት አትርሱ።

ቤተሰቡን ሳይጠይቁ ማምጣት

አባት «ሰርፕራይዝ» ብሎ ቡችላ ይዞ ይገባል። እማማ ውሻ ሳሎን ገብቶ ማየት አይፈልጉም፣ በእምነታቸውም ሊሆን ይችላል። የቤት ሠራተኛዋ ትፈራለች፣ ግን የምታበላው እሷ ናት። አከራዩ ደግሞ አልሰሙም። ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ የሚያበላውና የሚያጸዳው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ የገባ ውሻ መጨረሻው መሰጠት ነው። «እኔ እንከባከበዋለሁ» ያለውን የስምንት ዓመት ልጅ አትመኑት። ውሻ ከአሥር ዓመት በላይ ይኖራል፤ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ውሻው እናንተ ጋ ነው።

ኃይለኛ እንዲሆን ማሰር

ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት የታሰረ ውሻ ኃይለኛ ሳይሆን ፈሪና ብስጩ ነው የሚሆነው። ሌባና የጎረቤት ልጅ አይለይም። ሚጥሚጣ ማብላትና ጆሮ መቁረጥም ያው ነው፣ ከማሠቃየት በቀር አንዳች ጥቅም የለውም። ማሰር የግድ የሆነበት ቤት ትልቅ ውሻ አይውሰድ።

ቡችላ ብቻ መፈለግ

ሁለታችሁም ሥራ የምትውሉ ከሆነ ቡችላ ይከብዳል። በቀን ብዙ ጊዜ ይበላል፣ ያገኘው ቦታ ይሸናል፣ ጫማ ያኝካል። ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ ሰዎች ያደገ ውሻቸውን የሚረከብ ሰው ሲያፈላልጉ ይገጥማል። የሁለትና የሦስት ዓመት ውሻ ጠባዩ ታውቋል፣ መጠኑም አያሳስታችሁም። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ባለቤቱ ባለበትና በሌለበት እዩት፣ ሲበላ ሰው ሲጠጋው ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። ልጆቹ ዘለው እንዳያቅፉት ንገሯቸው፤ ተቀምጠው ይጠብቁ፣ ራሱ መጥቶ ያሽትታቸው። ካልመጣ በሌላ ቀን ተመለሱ።