በካፓሲተር ቮልቴጅ የሚያሳድግ ባለ 5 ደረጃ ኢንቨርተር ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኢንቨርተር ዲሲን ወደ ኤሲ የሚለውጥ መሣሪያ ነው። ባለ 160 ቮልት የዲሲ ምንጭ፣ አንድ ካፓሲተርና አንድ ኤች-ብሪጅ (የውጤቱን አቅጣጫ የሚገለብጡ አራት ሞስፌቶች፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክ ማብሪያዎች) እንያዝ። ካፓሲተሩ ከምንጩ ጋር በትይዩ ሲሆን ይሞላል፤ በተከታታይ ሲሆን 320 ቮልት ያስገኛል። አምስቱ ደረጃዎች 0፣ ±160 እና ±320 ቮልት ናቸው። ፍሪኩዌንሲው 50 ኸርዝ፣ ጭነቱ 53 ኦም ማሞቂያ፣ 1 ኪሎዋት ገደማ ነው።

ካፓሲተርን በግምት መምረጥ

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ከፍተኛው ደረጃ በእያንዳንዱ ግማሽ ዑደት 4.6 ሚሊሰከንድ ያህል ይቆያል። በ6 አምፔር 27.6 ሚሊኩሎምብ ከካፓሲተሩ ይወጣል። የቮልቴጁ መውረድ ከ10 በመቶ (16 ቮልት) እንዳያልፍ ቢያንስ 1725 ማይክሮፋራድ ያስፈልጋል። 1800 ገዝቶ መገላገል ያጓጓል፤ ግን ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ከተጻፈበት 20 በመቶ ሊያንስ ስለሚችል 2200 ይግዙ።

ቮልቴጁ ሲወርድ የሚበላሸው የሞገዱ ቅርጽ ብቻ አይደለም። ካፓሲተሩ እንደገና በሞላ ቁጥር የአቅሙ ግማሽ በቮልቴጅ ልዩነቱ ካሬ ተባዝቶ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በ2200 ማይክሮፋራድ ልዩነቱ 12.5 ቮልት ነው፤ በሰከንድ 100 ጊዜ ሲሞላ 17 ዋት ይባክናል። በ1000 ማይክሮፋራድ 38 ዋት ይደርሳል።

ብክነቱን በሬዚስተር ለመቀነስ መሞከር

ሬዚስተር የከረንቱን ጫፍ ያረግባል እንጂ ካፓሲተሩ እስከሞላ ድረስ የሚባክነው ኃይል ያው ነው። የተሻለ ሞስፌት መግዛትም ይህን ብክነት አያድንም፤ እንዲያውም መንገዱ 0.1 ኦም ብቻ ከሆነ 12.5 ቮልት 125 አምፔር ይገፋል። የሚረዳው በመሙያው መንገድ ላይ ጥቂት ማይክሮሄንሪ ያለው ኢንዳክተር ነው። ማብሪያው ሲጠፋ የኢንዳክተሩ ከረንት የሚያልፍበት ዳዮድ ግን አይርሱ፤ ያለዚያ የሚፈጠረው የቮልቴጅ ዝላይ ሞስፌቱን ይበሳል።

ባዶ ካፓሲተርን በቀጥታ ማገናኘት

በዚያው 0.1 ኦም የመጀመሪያው ከረንት ወደ 1600 አምፔር ያመራል። ጭነቱ ሳይገናኝ በ47 ኦም ሬዚስተር ይሙሉት፤ ከግማሽ ሰከንድ በኋላ ሬዚስተሩን በሪሌይ ይለፉት።

ለሁሉም አንድ ዓይነት ሞስፌት

የኤች-ብሪጁ አራቱ 320 ቮልት ስለሚሸከሙ ባለ 600 ይሁኑ። ካፓሲተሩን ከትይዩ ወደ ተከታታይ የሚቀይሩት 160 ብቻ ስለሚያዩ ባለ 250 ይበቃቸዋል፤ በተመሳሳይ ዋጋ ሲበሩ የሚኖራቸው ሬዚስታንስም ያንሳል።

የቡትስትራፕ ካፓሲተርን ከፈጣን ሰርኪውት መቅዳት

ቡትስትራፕ የኤች-ብሪጁን የላይኛ ሞስፌት የሚያበራው ቺፕ (ድራይቨር) ኃይል የሚያገኝበት ትንሽ ካፓሲተር ነው። በ50 ኸርዝ የላይኛው ሞስፌት እስከ 10 ሚሊሰከንድ በርቶ ይቆያል። ድራይቨሩ 200 ማይክሮአምፔር ብቻ ቢስብ እንኳ ባለ 0.1 ማይክሮፋራዱ ቀድሞ ያልቃል፤ ሞስፌቱ በግማሽ ተከፍቶ ይቃጠላል። 10 ማይክሮፋራድ ያድርጉት። ከምንጩ ወደ ዋናው ካፓሲተር ከረንት በሚያሳልፈው የመሙያ ዳዮድ ምትክ ሞስፌት ከገባ ግን ሶርስ የሚባለው እግሩ ሁልጊዜ 160 ቮልት ላይ ስለሚቀመጥ ቡትስትራፕ ጨርሶ አይሞላም፤ ለእሱ ራሱን የቻለ፣ ከግራውንዱ የተለየ የኃይል ምንጭ ይስጡት።