«ዋጥኩ ወይስ አልዋጥኩም?»

ቤቴ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። የኤችአይቪ መድኃኒት የጀመርኩት በ1998 ዓ.ም. ነው። ለዓመታት አንድ ቀን አላስታጎልኩም። ኋላ ላይ ግን መርሳት አበዛሁ። አንድ ቀን ካውያ የሰው ቀሚስ ላይ ትቼ ሻይ ላፈላ ሄድኩ። ቀሚሱን ከፈልኩ።

እርጅና ነው ብዬ ዝም አልኩ። አጉል ዝምታ! ቫይረሱ አንጎልንም ይነካል፤ በመድኃኒት ከተገታ በኋላም መርሳቱ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ለነርሷ ንገሩ። እኔን አራት ቃላት አስያዘችኝ፤ አውራ ጣቴንና ሌባ ጣቴን ቶሎ ቶሎ አነካኪ አለችኝ። ቆይታ ቃላቱን ስትጠይቀኝ ሁለቱ ጠፉኝ። የቫይረስ መጠን፣ የታይሮይድና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ ታዘዘልኝ። ድብርትና መጠጥም ያስረሳሉ።

ወደ ዘዴው ልምጣ። ሳይውጡ መርሳት አንድ ነገር ነው። የዋጡትን መርሳት ይብሳል፤ ሰው ይደግማል።

የኔ ብልቃጥ 30 ፍሬ ይይዛል። ወራችንም 30 ቀን ነው። አዲሱን ብልቃጥ በልደታ እከፍታለሁ። የሚካኤል ዕለት ከዋጥኩ 18 ይቀራል፤ የገብርኤል ዕለት 11። በሚካኤል ተጠራጥሬ ስቆጥር 19 ካገኘሁ ገና አልዋጥኩም ማለት ነው። ጳጉሜን ብቻ ሒሳቤን ታናጋለች። ለእሷ የሚሆነውን ቀደም ብዬ በቀጠሮዬ እጠይቃለሁ።

በፊት ማስታወሻዬ የማታው የ2 ሰዓት ዜና ነበር። መብራት ሲጠፋ ዜናውም መድኃኒቱም ይቀራል። አሁን ብልቃጡ ከቡናው ቆርቆሮ ጎን ነው። ጠዋት ቡና ሳልጠጣ ቀርቼ አላውቅም።

የኔ መድኃኒት ዶሉቴግራቪር ያለበት፣ በቀን አንዴ የሚዋጥ ነው። ሰዓቱ ካለፈ እንዳስታወስኩ እውጣለሁ። ለሚቀጥለው ከ4 ሰዓት በታች ከቀረ ግን እተወዋለሁ፤ ሁለት በአንዴ አልውጥም። የዘለልኩትን ቀን ካላንደር ላይ እከበዋለሁ፣ አለዚያ ቆጠራው ይዛባል። የናንተ መድኃኒት ሌላ ከሆነ ፋርማሲስቱን ጠይቁ።

የምታምኑት ሰውም ይደውልላችሁ። ልጄ በፊት «እማ፣ ዋጥሽ?» ትለኝ ነበር። ሳላስብ «አዎ» እላለሁ። አሁን ጥያቄዋ «እማ፣ ስንት ቀረ?» ሆኗል። ተነስቼ መቁጠር ግድ ነው። ሊለኩ የመጡ ደንበኞቼ ያልተሰፋ ቀሚስ የምንቆጥር ይመስላቸዋል።