ጭንቅላት በሜትር ሲለካ የሚሠሩ ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት እዚህ ድሬዳዋ ከእረፍት በኋላ ክፍል ስገባ፣ ተማሪዎቼ «ትልቅ ጭንቅላት ያለው ጎበዝ ነው» ብለው በልብስ ሰፊ ሜትር ጭንቅላት እየተለካኩ ነበር። ቁጥሩ ሰሌዳው ላይ ተደርድሯል፤ 58፣ 56፣ 53። «አቦ፣ ፕሮፌሰር!» ይሉታል 58 የወጣለትን። 53 የወጣላት ልጅ አቀርቅራለች። የዕለቱን ትምህርት ትቼ እዚሁ ላይ ቆየን።

መጀመሪያ ሜትሩ ራሱ። ሹሩባውንም፣ የአጥንቱን ውፍረትም አብሮ ይለካል። ዛሬ ተመራማሪዎች የአንጎልን መጠን የሚያዩት በኤምአርአይ፣ የሰውነትን ውስጥ በማግኔት በሚያነሳ መሣሪያ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ትንሽ ዝምድናን እንደ ዕጣ ፈንታ መቁጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ተመራማሪው ፒየትሽኒግና ባልደረቦቹ 88 ጥናቶችን አንድ ላይ መረመሩ፤ ከ8,000 በላይ ሰዎች ማለት ነው። በአንጎል መጠንና በአእምሮ ፈተና ውጤት መካከል ያገኙት ተዛምዶ 0.24 ነው፤ 0 ማለት ምንም ዝምድና የለም፣ 1 ማለት ፍጹም ዝምድና ነው። ሰዎች በውጤት ከሚለያዩበት ውስጥ ከመጠን ጋር የሚያያዘው 6 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። በዚህ ቁጥር ሁለት ልጆችን አቁሞ «ጎበዙ ይኼ ነው» ማለት አይቻልም።

«ምንም ግንኙነት የለም» ማለትም አያዋጣም። አለ፣ ግን ደካማ ነው። የአንስታይን አንጎል 1,230 ግራም ብቻ ነበር ብሎ ክርክሩን መዝጋትም ልክ አይደለም። የሞተው በ76 ዓመቱ ነው፤ አንጎል ደግሞ በእርጅና ይቀንሳል።

ወንዶቹ ደስ ሲላቸው አይቼ ይህንንም ነገርኳቸው። የወንድ አንጎል በአማካይ 10 በመቶ ያህል ይበልጣል፤ የፈተናው አማካይ ውጤት ላይ ግን ይህን የሚያህል ልዩነት አይታይም።

የቀረው የታሪኩ ስህተት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፊላደልፊያው ሐኪም ሳሙኤል ሞርተን የራስ ቅሎችን መጀመሪያ በጥቃቅን የተክል ዘር፣ በኋላም በእርሳስ ጥይት እየሞላ ይለካ ነበር። በዚያም የሰውን ዘር ደረጃ አወጣለት። በኋላ አሜሪካዊው ሳይንቲስት ስቲቨን ጄይ ጉልድ «ልኬቱ ወደ ሞርተን አድልዎ አዘንብሏል» አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ግን ቅሎቹን እንደገና የለኩ ተመራማሪዎች ልኬቱ በአብዛኛው ትክክል ሆኖ አገኙት። ክርክሩ አልተዘጋም። ቢሆንም ልኬት ትክክል ሆነ ማለት ደረጃው ትክክል ሆነ ማለት አይደለም። የራስ ቅል መጠን ከሰውነት ግዝፈትና ከአየር ንብረት ጋርም ይያያዛል።

ሰሌዳውን ሳጠፋ ያቺ ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሌላው 94 በመቶስ?»

ከአዮዲን ጀመርኩላት። እናት በእርግዝና ጊዜ አዮዲን ካጣች የልጁ አንጎል ይጎዳል። ለሰኞ ሁሉም የቤታቸውን ጨው ማሸጊያ ይዘው ይመጣሉ፤ አዮዲን እንዳለው አብረን እናነባለን።