ግቢ የሚከርም ቮልስ፦ ችግርና መፍትሄ

ጎማ ንፋ፣ ዘይት እይ እያልኩ አላሰለችህም፤ ቮልስ የያዘ ሰው ይህን ያውቃል። የምጽፈው ሐምሌና ነሐሴን ጣሪያ በሌለው ግቢ ስለሚያሳልፍ ቮልስ ነው። መስከረም ሲጠባ ተጎትተው እኔ ጋ የሚመጡት እነዚህ ናቸው።

ምልክት፦ በሩን ስትከፍት ሻጋታ ይሸታል። የኋላው ምንጣፍ ርሷል።

መንስኤው ሁሌም ማለት ይቻላል ላስቲክ ነው። ሰው ለመኪናው የተጨነቀ መስሎት ወፍራም ላስቲክ ይገዛል። እስከ ጎማው ጠቅልሎ በገመድ ያስረዋል። የአዲስ አበባን ክረምት ታውቀዋለህ፤ ጠዋት ፀሐይ ብልጭ ትላለች፣ ከሰዓት ይወርደዋል፣ ሌሊት ይበርዳል። ከመሬት የሚነሳው እርጥበት ላስቲኩ ሥር ይታፈንና ሌሊት ላሜራው ላይ ውሃ ሆኖ ያድራል። በየቀኑ። ዝናብ የመታው ቮልስ ነፋስ ሲያገኝ ይደርቃል። የተጠቀለለው በምን ይድረቅ?

አንድ ደንበኛዬ ውጭ አገር ሲሄድ የአባቱን ቮልስ እንዲህ ጠቅልሎ ለወንድሙ አደራ ሰጠ። ሦስት ክረምት ማንም አልነካውም። ሲመለስ አብረን ገለጥነው። ቀለሙ ያብረቀርቃል፤ ሰውዬው ደስ አለው። የኋላ ወንበሩን ሳነሳ ባትሪው ቦታው ላይ የለም። ወለሉን በልቶ መሬት ላይ ወርዷል፤ አጠገቡ ሣር በቅሏል።

ለምን እዚያ ጋ? የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር፣ በቀኝ በኩል፣ ወለሉ ላይ ነው። የኋላ መስታወቱ ጎማ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ውሃው በወንበሩ ጀርባ ወርዶ እዚያው ይጠራቀማል። የባትሪው አሲድ ሲጨመርበት ላሜራው ብስኩት ይሆናል።

እንግዲህ ምንጣፉን ሙሉ በሙሉ አውጣ። ጫፉን ገልጦ ማድረቅ ራስን ማታለል ነው። ባትሪውን አውጣ። አሲድ የነካውን ቦታ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጠህ አረፋው እስኪቆም እጠበው። በሮቹን ከፍተህ ሁለት ቀን ፀሐይ ይምታው። ከዚያ ቀዳዳውን ፈልግ፤ አንድ ሰው የሞባይል መብራት ይዞ ውስጥ ይቀመጥ፣ ሌላው በጎማ ውሃ ያፍስ። ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ። ከላይ ከጀመራችሁ በየቦታው ይንጠባጠብና ግራ ትጋባላችሁ።

የመስታወቱን ጎማ ቀይረው። ሲሊኮን አትለጥፍበት፤ ውሃውን ውስጥ አፍኖ ጠርዙን ያዝገዋል። ርካሹ ጎማ ደግሞ ሁለት ክረምት አይዘልቅም። ስትገዛ እጠፈው፤ ስንጥቅ ካሳየህ እዚያው መልስለት።

ዝገቱ ላይ ላዩን ከሆነ በብረት ብሩሽ ፈግፍገህ አንቲረስት ቀባ። በካቻቢቴ ስትወጋው ከተበሳ ግን ቆርጦ አዲስ ላሜራ መበየድ ብቻ ነው። ስቱኮ የሚሞሉ አሉ። ካትራሜ የሚደፉበትም አሉ! አንዱን ወለል ስፈገፍግ ከካትራሜው በቀር ምንም ብረት አላገኘሁም። ሰውዬው ቤተሰቡን ጭኖ ሲነዳ የኖረው በሬንጅ ላይ ነበር።

ብየዳ ስታሠራ ባትሪው ይውጣ። የቮልስ ቤንዚን ታንከር ከፊት እንደሆነም በያጁን አስታውሰው። ባትሪውን ስትመልስ ክዳኑን አትርሳ፤ ከሌለህ ወፍራም ጎማ አልብሰው። ከኋላ ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ ይወርዳል፤ የባትሪውን ራስ ከነካ ወንበሩ ይቀጣጠላል። ይህን ቀልድ አታድርገው።

ጎኑ ክፍት የሆነ የቆርቆሮ ጥላ ካለህ ጨርሰሃል። ያለህ ላስቲክ ብቻ ከሆነ በአራት ቋሚ ላይ ወጥረው፤ ከመኪናው አንድ ሜትር ከፍ ይበል። ሣር ላይ አታቁም።

ምልክት፦ በሩን ስትዘጋ ውሃ ይንቦጫረቃል። የበሩ የታች ቀዳዳዎች በቆሻሻ ተደፍነዋል። በሽቦ ክፈታቸው።

ምልክት፦ ባትሪው ሞቷል። ቆሞ የሚከርም ባትሪ በራሱ ይወርዳል። ባለ 12 ቮልቱ ከ12.4 ሲወርድ፣ የድሮው ባለ 6 ቮልት ከ6.2 ሲወርድ ቻርጅ አድርገው። ሞተሩን አምስት ደቂቃ አስነስተህ ማጥፋት ምንም አይጠቅምም፤ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ውስጥ ውሃ ትተህ ነው የምትሄደው። በሁለት ሳምንት አንዴ ግማሽ ሰዓት ንዳው።

ምልክት፦ ሽቦ ተበልቷል። አይጥ ነው። ድመት አሳድር።

ምልክት፦ ሞተሩ ይነሳል፣ መኪናው ግን ንቅንቅ አይልም። የእጅ ፍሬን ስበህ ነው ያከረምከው፤ የፍሬኑ ሸራ ታምቡሩ (ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት) ላይ በዝገት ተጣብቋል። ለወደፊቱ ማርሽ አስገባና ጎማው ሥር ታኮ አድርግ። ለአሁኑ የእጅ ፍሬኑን ልቀቅ፣ ጎማውን ፍታና ታምቡሩን ዙሪያውን እንጨት አስደግፈህ በመዶሻ ቀስ እያልክ ምታው። ጉልበት አትጠቀም። ባለፈው አንዱ ትዕግሥት አጥቶ በፒክአፕ አስጎተተው። ሸራው ከብረቱ ተገንጥሎ ታምቡሩ ውስጥ ይንኳኳል፤ እሱ ግን እኔ ጋ መጥቶ «ፍሬኑ ምን ሆኖ ነው የማይዘው?» ይለኛል።