ሊኑክስ ላይ ዲስክ ስትጨምሩ ስሙን አትመኑ

ዛሬ «ኤስዲቢ» (sdb) የተባለ ዲስክ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ «ኤስዲኤ» (sda) ሊሆን ይችላል። ደሴ ፒያሳ ባለችው ፎቶ ቤታችን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ይሄው ገጠመኝ። አዲሱን ዲስክ ፎርማት ላደርግ እጄ ኪቦርዱ ላይ ነበር። መጠኑን ሳየው 500 ጊጋባይት ይላል። አዲሱ ግን 2 ቴራባይት ነው! ለካ የደንበኞች የሰርግ ፎቶ ያለበት ኖሯል። ክው ብዬ ቀረሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ «ኤልኤስብሎክ» (lsblk) በሚለው ትእዛዝ መጠኑን እዩ። ከዚያ ኤክስት4 (ext4) በተባለው የሊኑክስ የፋይል አደረጃጀት ፎርማት አድርጉት። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፍታቸው ዲስኮች በሚመዘገቡበት ኤፍኤስታብ (fstab) ፋይል ላይ ስትመዘግቡት በስሙ ሳይሆን ፎርማት ሲደረግ በሚሰጠው ልዩ መለያ፣ በዩዩአይዲው (UUID) ይሁን፤ እሱ ቦታ ቢቀየርም አይለወጥም። እዚያው ላይ «ኖፌይል» (nofail) የምትለዋን አማራጭም አትርሱ። ዲስኩ ቢነቀል እንኳ ኮምፒውተሩ ሳይገተር ይነሳል። ሪስታርት ከማድረጋችሁ በፊት ፋይሉ ላይ የተመዘገቡትን ዲስኮች በሚከፍተው ትእዛዝ «ማውንት -ኤ» (mount -a) ብላችሁ ሞክሩት። ብዙውን የአጻጻፍ ስህተት እዚያው ይነግራችኋል።