«በሰዓቱ ነው የመታሁት!»፦ የጌም ጊታርና ድራም ችግሮች ከነመፍትሔያቸው

ደብረ ብርሃን ውስጥ ትንሽ ጌም ቤት አለኝ። ከኳስ ጌሞቹ ጎን አንድ የጊታር ሂሮ ጊታርና አንድ የሮክ ባንድ ድራም አስቀምጫለሁ። ሁለቱም የሙዚቃ ጌሞች ናቸው፤ ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን ኖት በዘፈኑ ምት ትመታላችሁ። ዕቃዎቹ በዘመድ ሻንጣ ከውጭ የመጡ፣ ያገለገሉ ናቸው። ጊታር ሂሮ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2005፣ ሮክ ባንድ ደግሞ በ2007 ነው። ስለዚህ እጃችን የሚገባው ዕቃ ብዙውን ጊዜ ብዙ እጅ ያየ ነው። ቢሆንም «ተበላሸ» ተብሎ ከሚነገረኝ ውስጥ አብዛኛው የዕቃውም የተጫዋቹም ጥፋት አይደለም። ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ከዚህ ጀምሩ።

በሰዓቱ እመታለሁ፣ ጌሙ ግን «ሳትክ» ይለኛል

አንድ ቅዳሜ ክራር የሚመታ የመንዝ ሰው መጣ። ጊታሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ጀመረ። እግሩ ወለሉን እንደ ሰዓት ይመታል። ስክሪኑ ላይ ግን ኖቶቹ ሁሉ ያመልጡታል። ከእሱ በፊት አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ በዚያው ጊታር፣ በዚያው ቲቪ፣ ጥሩ አድርጎ ሲጫወት ነበር። ሰውየው «እጄ ዝጓል መሰለኝ» ብሎ ሊያስቀምጠው ሲል አስቆምኩት። ልጁ የሚጫወተው በዓይኑ ነው። እሱ በጆሮው ነው። እኔ ደግሞ ድምፁን የማወጣው በብሉቱዝ ስፒከር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጌሙ ምስሉንና ድምፁን አንድ ላይ ይልካል። ቲቪው ምስሉን ለማሳመር ትንሽ ያቆየዋል፣ አንዳንዱ እስከ 100 ሚሊሰከንድ። ብሉቱዝም ድምፁን ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ያዘገያል። በደቂቃ 120 ምት ባለው ዘፈን አንዱ ምት 500 ሚሊሰከንድ ነው። 100 ሲዘገይ የምቱ አንድ አምስተኛ ሄደ ማለት ነው። ጆሮው የሰላ ሰው ይበልጥ የሚጎዳውም ለዚህ ነው፤ ዘግይቶ የደረሰውን ድምፅ በታማኝነት ይከተላል።

የቱ እንደዘገየ ለማወቅ በደንብ የምታውቁትን ቀላል ዘፈን ክፈቱ። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍታችሁ በዓይን ብቻ ምቱ። ቀጥሎ ድምፁን ከፍታችሁ ከስክሪኑ ዞር በሉና በጆሮ ብቻ ምቱ፤ ውጤቱን ሌላ ሰው ይይላችሁ። በዓይን ስትጫወቱ ከሳታችሁ ምስሉ ነው የዘገየው። በጆሮ ከሳታችሁ ድምፁ ነው።

ምስሉ ከሆነ የቲቪውን ሴቲንግ ገብታችሁ «ጌም ሞድ» የሚለውን አብሩ። ብዙ ቲቪ ላይ ይህ ለእያንዳንዱ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ለየብቻ ስለሚቀመጥ፣ ገመዱን ስታዛውሩ እንደገና እዩት። ድምፁ ከሆነ ብሉቱዙን ተዉትና ስፒከሩን በገመድ አገናኙ። ካሊብሬሽን፣ ማለትም ጌሙ ውስጥ ገብቶ መዘግየቱን በቁጥር ማስተካከል፣ የመጨረሻው ሥራ ነው። ብዙ ሰው ከእሱ ይጀምርና ቲቪውን ሲነካካ መልሶ ያበላሸዋል። ባለ ጀርባ የድሮ ቲቪ ቤታችሁ ካለ አትጣሉት። መዘግየቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ለዚህ ጌም ከብዙ ፍላት ቲቪ ይሻላል።

እኔም ስፒከሩን በገመድ ቀየርኩ። ሰውየው ያንኑ ዘፈን ደገመው። እስከ መጨረሻው ወሰደው።

አንገቱ ላይ ያሉት በተኖች አንዴ ይሠራሉ፣ አንዴ ይጠፋሉ

ይህ በተለይ የጊታር ሂሮ 3 ጊታር በሽታ ነው። አንገቱ ከአካሉ ይነቀላል፤ መጋጠሚያው ላይ ያሉት ትንንሽ የብረት ነጥቦች አቧራና ላብ ይይዛሉ። ንቀሉትና ነጥቦቹን በላጲስ ቀስ ብላችሁ አሹ፣ ከዚያ አልኮል በነካ ጥጥ ጥረጉ። በደንብ ሲደርቅ ግጠሙት። አሁንም የሚወላገድ ከሆነ መጋጠሚያው ላልቷል ማለት ነው። የታጠፈ ወረቀት በጎን አስገብታችሁ አጥብቁት።

አንዴ ስመታ ሁለት ይቆጥራል

የጊታሩ መምቻ ስዊች አልቋል። ኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ለተወሰነ ጊዜ ያስታግሰዋል፤ ዘላቂው መፍትሔ ስዊቹን መቀየር ነው። ሞባይል የሚጠግን ሰው ብየዳውን አያቅተውም። አሮጌውን ስዊች ይዛችሁ ሂዱና ተመሳሳዩን ፈልጉ።

ጠዋት ይጠፋል፣ ከሰዓት ይሠራል

እኛ ጋ ኅዳርና ታኅሣሥ የታወቀ ነው። ከተማችን ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፤ ውርጩ ሌሊቱን ጊታሩ ውስጥ ያድራል። ብርድ የባትሪ ድንጋዩን ኬሚካል ስለሚያዘገየው ጉልበቱ ይወርዳል። ድንጋዩ አልሞተም፣ አትጣሉት። አውጡና አሥር ደቂቃ ኪስ ውስጥ ያዙት። ከሰል አጠገብ ግን በፍጹም አታስቀምጡት፣ ሊፈነዳ ይችላል። ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ደግሞ የሚያሳስባችሁ ሙቀቱ ነው። ለረጅም ጊዜ የማትጫወቱ ከሆነ ድንጋዩን አውጡት፤ ውስጡ አንጠባጥቦ ሞላዎቹን እንዳይበላ።

ጊታሩ ይበራል፣ ግን አይገናኝም

ገመድ አልባ የፕሌስቴሽን 3 ጊታር ከሆነ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካው ትንሹ መቀበያ፣ ዶንግሉ፣ የግድ ያስፈልጋል። ከመግዛታችሁ በፊት «ዶንግሉስ?» በሉ። እኔ አንድ ጊዜ ሳልጠይቅ ገዝቼ ጊታሩ ግድግዳ ላይ ቀርቷል።

ቀዩን ድራም ስመታ ቢጫውም ይመታል፤ ፔዳሉ ደግሞ አይሰማም

ከእያንዳንዱ ፓድ ሥር ንዝረት የሚያዳምጥ ስስ ክብ ብረት አለ። የእግሩ ብሎኖች ከላሉ ንዝረቱ በማቆሚያው በኩል ወደ ጎረቤት ፓድ ይሻገራል። ብሎኖቹን አጥብቁ፣ ከእግሩ ሥር ስፖንጅ ወይም ምንጣፍ አንጥፉ። ፔዳሉ ሌላ ነው። ውስጡ ማግኔት አለ፤ ሲጠጋ ስዊቹን ይዘጋል። ማግኔቱ ከቦታው ተንሸራቶ እንደሆነ እዩና መልሳችሁ አጣብቁት። የሚሰካው ጫፍ ከኢርፎን ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ በትክክል መግባቱንም አረጋግጡ።

የአማርኛ ዘፈን ራሴ ሳዘጋጅ ኖቶቹ ከምቱ ይሸሻሉ

ይህን ክፍል በጣም ነው የምወደው። ኮምፒውተር ላይ ክሎን ሂሮ የሚባል ነፃ ጌም አለ፤ የራሳችሁን ዘፈን ኖት አስቀምጣችሁ በዚሁ ጊታር ትጫወታላችሁ። ልጆቹ ችክችካ ሲሞክሩ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይሰናከላሉ። ኖት የሚያስቀምጡበት ፕሮግራም፣ ኤዲተሩ፣ አንዱን መለኪያ (ባር) በ16 ከፍሎ ነው የሚጠብቃቸው። ችክችካ ግን በሦስት በሦስት የሚሄድ ምት ነው፣ አራት ላይ አይቀመጥም። ክፍፍሉን 12 ወይም 24 አድርጉት፣ ኖቶቹ ወዲያው ቦታቸውን ያገኛሉ።

ሁለተኛው ምክንያት የድሮ ቅጂዎች ናቸው። በባንድ በቀጥታ የተቀዳ ዘፈን ፍጥነቱ ይለዋወጣል፤ መሐል ላይ ይሞቃል። አንድ ቴምፖ (የምት ፍጥነት) ለዘፈኑ ሁሉ ከሰጣችሁት መጀመሪያው ይገጥምና ሁለተኛው አዝማች ላይ ይለያያል። በየአራት መለኪያው ከበሮውን እያዳመጣችሁ አዲስ የቴምፖ ምልክት አስቀምጡ። አሰልቺ ነው፣ አንድ ዘፈን ሙሉ ምሽት ሊወስድ ይችላል። የክራሩ ሰውዬ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አጠገቤ ተቀምጦ «እዚህ ጋ ፈጥኗል» እያለ ይጠቁመኛል፣ እኔ ምልክቱን እተክላለሁ።